ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል? የድሮ ቤትን በአነስተኛ ወጪ ስለማሞቅ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የጃንዋሪ ወር የጋዝ ቢል ከፖስታ ሣጥን ከሚወጡት ወረቀቶች ሁሉ የሚጠላው ነው። ፖስታው ተቀዶ ቁጥሩ ሲታይ በብዙ ቤት የሚሆነው ነገር አንድ ዓይነት ነው። አባወራው ተነሥቶ ቴርሞስታቱን ዝቅ ያደርጋል። እማወራዋ ልጆቹን «ሹራብ ደርቡ» ትላለች። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አያት ካሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሶፋው ጥግ አይነሡም። ይህ ሁሉ ብርድ ተችሎ የሚቀጥለው ወር ቢል ሲመጣ ግን የቀነሰው ገንዘብ ይህን ያህል አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚከፈልበት ሙቀት ቤቱ ውስጥ አይቆይም። ፈርነሱ ያሞቀው አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ሙቀት መግዛት በወንፊት ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን በጣሪያ በኩል የሚበነው ገንዘብ ለሞርጌጅ፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለአገር ቤት ወላጅ ይላክ የነበረው ገንዘብ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ቢሉን የፈራ ሰው ኦቨን ከፍቶ ወይም ከሰል አቀጣጥሎ ቤቱን ላሙቅ ሲል ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የድሮ ቤት የገዛም ሆነ የተከራየ ሰው ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚያመልጥ፣ ገንዘብ ሲገኝም በየትኛው ሥራ መጀመር እንዳለበት ማወቁ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ቤቱ ለምን አይሞቅም?

አዲስ አበባ ውስጥ የማሞቂያ ማሽን ያለው መኖሪያ ቤት እምብዛም አይገኝም። ሌሊቱ ቢበርድም ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲሞቁ ብርዱ ይለቃል። ስለዚህ የቤት ቀዳዳ ለአገር ቤት ሰው የአይጥና የአቧራ ጉዳይ እንጂ የገንዘብ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የሚኔሶታው ክረምት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋረንሃይት ደርሶ ነበር። ይህም በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 33 መሆኑ ነው። በዚያን ቀን ውስጡ 68 ዲግሪ የሆነ ቤት በውስጥና በውጭ መካከል የ96 ዲግሪ ልዩነት ተሸክሞ ነበር ማለት ነው።

ሞቃት አየር ቀላል በመሆኑ ወደ ላይ ይወጣል። በኮርኒሱ በኩል ቀዳዳ ካገኘ በቀጥታ ወደ አቲክ፣ ከዚያም ወደ ሰማይ ያመልጣል። በወጣው አየር ልክ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ ከቤዝመንቱ ስንጥቅ ተስቦ ይገባል። ቤቱ በሙሉ እንደ ጭስ ማውጫ ይሠራል ማለት ነው። ውጭው ይበልጥ በቀዘቀዘ ቁጥር ስበቱም ይበልጥ ይበረታል። ሳሎን የተቀመጠ ሰው እግሩን ሲበርደው ብርዱ በመስኮት የገባ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች ነው።

በሁለቱ ከተሞች በብዛት የሚገኙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ቤቶች ለዚህ ችግር የተመቹ ናቸው። በዚያ ዘመን ቤት የሚሞቀው በድንጋይ ከሰል ነበር። ዛሬም በአንዳንድ ቤዝመንት ግድግዳ ላይ ከሰሉ ይገባበት የነበረው ትንሽ የብረት በር አለ። ነዳጅ ርካሽ ስለነበር ግድግዳውን በኢንሱሌሽን ለመሙላት የሚጨነቅ አልነበረም። በብዙዎቹ የድሮ የእንጨት ቤቶች ውስጥ የግድግዳው ቋሚ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ካልተዘጋ ከቤዝመንት እስከ አቲክ ክፍት ቱቦ ሆኖ ያገለግላል።

ያ የርካሽ ነዳጅ ዘመን ያበቃው በ1973 የነዳጅ ቀውስ ነው። ለኢትዮጵያውያን ይህ ቀውስ ባዕድ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ የመቱት በዚሁ ሳቢያ የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ነበር፤ የዘውዱን መንግሥት ካናወጡት ነገሮችም አንዱ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቀውሱ ሕዝቡ የቤቱን ቀዳዳ እንዲያይ አስገደደው። የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦችን ቤት በነፃ የሚያጥብቀው የፌዴራሉ የዌዘራይዜሽን ፕሮግራም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1977 ሹራብ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡ ቤቱን ቀን በ65፣ ሌሊት በ55 ዲግሪ እንዲያደርግ ጠይቀዋል።

ጣሪያው ይናገራል

የቤቱን በሽታ ለማወቅ የመጀመሪያው ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። በረዶ ከጣለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ወደ መንገዱ ወጥቶ ጣሪያውን ማየት ነው። በጎረቤት ጣሪያ ላይ በረዶው እንደ ጥጥ ተኝቶ ሳለ በራስ ጣሪያ ላይ በየቦታው ቀልጦ ከታየ ያቀለጠው ፀሐይ ሳይሆን የተከፈለበት ጋዝ ሊሆን ይችላል። በአሸንዳው ጠርዝ እንደ ሻማ የተንጠለጠለው በረዶ ለፎቶግራፍ ቢያምርም መልካም ምልክት አይደለም። ከቤቱ ያመለጠው ሙቀት የጣሪያውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል። ውሃው ወርዶ ቀዝቃዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይረጋና ግድብ ይሠራል። ከግድቡ ኋላ የሚጠራቀመው ውሃ ደግሞ በጣሪያው ክዳን ሥር ሠርጎ ኮርኒስና ግድግዳ ያበላሻል።

በተለይ በሚኒያፖሊስ የተለመዱት አንድ ፎቅ ተኩል ቤቶች፣ ማለትም የላይኛው መኝታ ቤታቸው ጣሪያው ሥር የተሸጎጠባቸው፣ በዚህ ችግር ይታወቃሉ። በአጫጭሮቹ የጎን ግድግዳዎች ኋላ ያለው ባዶ ቦታ ከመኝታ ቤቱ ወለል ሥር ጋር ስለሚገናኝ ቀዝቃዛው አየር በወለሉ ሥር እንደልቡ ይመላለሳል። በዚያ ክፍል የሚተኙ ልጆች ክረምት በብርድ፣ በጋ በሙቀት የሚሰቃዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በሰንደል መፈተሽ

ሁለተኛው ምርመራ ነፋስ በሚበዛበት ቀዝቃዛ ቀን የሚደረግ ነው። በርና መስኮት ሁሉ ይዘጋል። አንድ ሰንደል ተለኩሶ በበሩ ዙሪያ፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በኤሌክትሪክ ሶኬቱ አጠገብ፣ በወለሉና በግድግዳው መጋጠሚያ፣ በአቲኩ መውጫ ክዳን ሥር ቀስ ብሎ ይዞራል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ መልካም ነው። ወደ ጎን ከተጎተተ ወይም ከተበተነ ቀዳዳው ተገኝቷል። ቦታው በወረቀት ይመዘገብ። መጋረጃና የፕላስቲክ ነገር እሳት እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ትንሽ ስንጥቅ መናቅ አይገባም። አንድ ተራ በር ዙሪያውን በሙሉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢከፈት የስንጥቁ ስፋት ተደምሮ እያንዳንዱ ጎኑ 13 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ጋር እኩል ይሆናል። በበሩ መሐል ይህን የሚያህል ቀዳዳ ቢኖር ማንም ሰው አንድ ሌሊት አያሳድረውም ነበር። ስንጥቁ ቀጭን ስለሆነ ብቻ ዓመታት ያልፉታል።

ከዚህ የተሻለ ምርመራ የሚፈልግ የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ኩባንያውን ስለ ኢነርጂ ኦዲት ይጠይቅ። በሚኔሶታ ኩባንያዎቹ ይህን አገልግሎት በቅናሽ የሚያቀርቡበት ፕሮግራም አላቸው። ባለሙያው በበሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ የተደበቀው ቀዳዳ ሁሉ ራሱን ያጋልጣል።

ከላይና ከታች ይጀመር

ቀዳዳው ከታወቀ በኋላ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። በቅድሚያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች፣ በመጨረሻ መሐሉ ነው።

አቲክ ውስጥ ኢንሱሌሽን ከመጨመር በፊት የአየሩ መውጫ መደፈን አለበት። ቧንቧዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ኮርኒሱን በስተው በሚወጡበት ሁሉ ቀዳዳ አለ። እነዚህ በሚረጭ ፎም ወይም ኮልክ በሚባለው ማሸጊያ ይደፈናሉ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን ፎም አይደረግም፤ እሳት ይይዛል። እዚያ የሚሠራው ቆርቆሮና ሙቀት የሚችል ማሸጊያ ነው። የአቲኩ መውጫ ክዳን ጠርዙ በጥብጣብ፣ ጀርባው በወፍራም ፎም ይሸፈን። ኢንሱሌሽኑ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ኢንሱሌሽን ያለ ማሸጊያ ነፋስ ላይ እንደ ተለበሰ ሹራብ ነው፤ ነፋሱ በመሐሉ ያልፋል። ለቀዝቃዛ ክልሎች የሚመከረው የአቲክ ኢንሱሌሽን መጠን ከ«አር 49» እስከ «አር 60» ነው። ቁጥሩ በየጥቅሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ይበልጥ ይይዛል።

ከታች ደግሞ ዋናው ቦታ የቤዝመንቱ ግድግዳ አልቆ የወለሉ እንጨት የሚያርፍበት ዙሪያ ነው። በዚያ መጋጠሚያ የሸረሪት ድር ከተገኘ ብዙ ጊዜ አየር ይተላለፍበታል። ወፍራም የፎም ሰሌዳ በልኩ ተቆርጦ ይገባና ጠርዙ በሚረጭ ፎም ይታሸጋል። የድሮው የከሰል በርም በዚሁ ዓይነት ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ በርና መስኮት ይከተላል። ለበሩ ጥብጣብና ከሥሩ የሚገጠም መጥረጊያ፣ ለመስኮቱ ደግሞ በፀጉር ማድረቂያ ተሞቆ የሚወጠረው ስስ ፕላስቲክ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ፕላስቲኩ ለተከራይም ይስማማል፤ በፀደይ ወራት ተነሥቶ ይጣላል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው ቤትን በዚህ መልክ ያሸገና ኢንሱሌሽን የጨመረ ሰው ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪው በአማካይ 15 በመቶ ይቆጥባል። በዓመት 1,600 ዶላር ለሚያወጣ ቤተሰብ ይህ 240 ዶላር ነው። ቁጥሩ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚመለስ ገንዘብ ነው።

ሳይነኩ የሚታለፉም አሉ። አቲክ ውስጥ በነጫጭ የሸክላ ማቀፊያዎች ላይ የተዘረጋ የድሮ ሽቦ ከታየ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው ኢንሱሌሽን አይከመርበትም። እንደ ጠጠር የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ወይም ቡናማ ኢንሱሌሽን ቨርሚኩላይት ሊሆን ይችላል። አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይነካም፣ አይጠረግም። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የመስኮት ቀለም መፋቅም ለሕፃናት አደገኛ የሆነ የእርሳስ አቧራ ሊያስነሣ ይችላል።

የመስኮት ሻጩ ሲመጣ

በየሰፈሩ በር እያንኳኩ «መስኮትዎን እንቀይርልዎ፤ ቢልዎ በግማሽ ይወርዳል» የሚሉ ሻጮች አሉ። ንግግራቸው ጣፋጭ ነው፤ ወረቀቱም ወዲያው ይፈረማል። ሆኖም የቤቱን መስኮት ሁሉ መቀየር ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስወጣ ሥራ ሲሆን በቢል የሚመልሰው ግን ቀስ ብሎ ነው። የድሮ ነጠላ መስታወት ከውጭ ተጨማሪ የስቶርም መስኮት ከተገጠመለት የሙቀት መያዝ አቅሙ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። አዲሱ ባለ ሁለት መስታወት ከዚህ የሚበልጠው በመጠኑ ነው። በዚያው ገንዘብ በጥቂቱ አቲኩን ማሸግ ይበልጥ ያተርፋል። መስኮቱ ከበሰበሰ ወይም አልዘጋ ካለ መቀየሩ ተገቢ ነው፤ ቢል ለመቀነስ ብቻ ግን የመጀመሪያው ሥራ አይደለም።

ተቻኩሎ የፈረመ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ ባስፈረመው የ25 ዶላርና ከዚያ በላይ ሽያጭ ላይ ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን የመሰረዝ መብት በፌዴራል ደንብ ተሰጥቶታል። እዚህ ላይ ቅዳሜም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ስረዛው በጽሑፍ ይላክ፤ ቅጂውም ይቀመጥ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በመስኮትና በኢንሱሌሽን ላይ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ታክስ ቅናሽ በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚሠራ ሥራ ቀርቷል። ይህን ቅናሽ ዛሬም እንደ ማባበያ የሚያነሣ ሻጭ ካለ ሌላውንም ቃሉን መጠርጠር ነው።

ፈርነስ፣ ቴርሞስታትና ትንሿ ማሞቂያ

ቤቱ ከታሸገ በኋላ ፈርነሱ ይታያል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ማሽኑ አየር አጥሮት ይደክማል። በክረምት በየወሩ አውጥቶ ማየት፣ ሲቆሽሽ መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በውሃ ራዲያተር የሚሞቅ ቤት ደግሞ ራዲያተሩ ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ታፍኖበታል፤ በትንሿ ቁልፍ ይተነፍሳል። ባለ አንድ ቧንቧ የእንፋሎት ራዲያተር ላይ ያለው መዝጊያ ግን ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በግማሽ ከተተወ ይንኳኳል፣ ውሃም ይተፋል።

ቴርሞስታትን በሚመለከት ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። አንደኛው «80 ላይ ባደርገው ቶሎ ይሞቃል» የሚለው ነው። የተለመደው ፈርነስ 70 ላይም ሆነ 80 ላይ የሚያሞቀው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው፤ ልዩነቱ የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው። ሁለተኛው «ከቀነስኩት በኋላ መልሶ ማሞቁ ይበልጥ ያስወጣል» የሚለው ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው በቀን ለስምንት ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ዝቅ ያደረገ ሰው በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ ይችላል። ለሥራ ሲወጣና ለእንቅልፍ ሲገባ ማለት ነው። አረጋውያን ባሉበት ቤት ግን ከ68 ዲግሪ በታች ማውረድ አይመከርም። ሽማግሌ ሰው በቤት ውስጥ ሳለ ሰውነቱ ሳይታወቀው ሊቀዘቅዝ ይችላል። «አልበረደኝም፣ ለእኔ ብላችሁ አታውጡ» ቢሉም እውነቱን የሚናገረው የክፍሉ ቴርሞሜትር ነው።

ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያስ? በዋጋዋ ርካሽ ናት፤ በቢል ግን አይደለችም። አንድ ቴርም ጋዝ የሚሰጠውን ሙቀት ያህል ለማግኘት 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ነው ቢባል ይህ 4 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይሆናል። አንባቢ በራሱ የጋዝ ቢል ላይ የአንዱን ቴርም ዋጋ አይቶ ያነጻጽር፤ ፈርነሱ ያረጀ ከሆነ ከቴርሙ ከፊሉ በጭስ ማውጫው እንደሚጠፋም ያስብ። ማሞቂያዋ የምትጠቅመው የቀረውን ቤት አቀዝቅዞ አንድ ክፍል ብቻ ለማሞቅ ሲሆን ነው። ያኔም ቢሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ትሰካ እንጂ በኤክስቴንሽን ገመድ አትሥራ፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ቢያንስ ሦስት ጫማ ትራቅ።

ከሰልና ቡና በታሸገ ቤት

በአገር ቤት በፈርኔሎ ላይ ቡና ሲፈላ በሩ ክፍት ነው፤ ቤቱም በየስንጥቁ ይተነፍሳል። እንዲያም ሆኖ «ከሰል አፈነኝ» የሚለው አነጋገር ለማንም አዲስ አይደለም። በሚኔሶታ ክረምት በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ፕላስቲክ ተወጥሮበት ከሰል ማቀጣጠል ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነው። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» የሚለው መጽናኛ ውሸት ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም ይወጣል፤ የዕጣኑ መዓዛ ቢሸፍነውም አለ። ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም በዚሁ ይመደባል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ስለሆነ በጉንፋን ይሳሳታል። በቤቱ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው ጉንፋን አይደለም። ወዲያው ወጥቶ 911 መደወል ያስፈልጋል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጤሻ ይጢስ። ከሰል ግድ ከሆነ ውጭ፣ በረዶው ላይ ነው ቦታው። በሚኔሶታ ሕግ በየመኝታ ክፍሉ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ መኖር አለበት።

ቤቱን ያሸገ ሰው ደግሞ ባለሙያ አስጠርቶ ፈርነሱና የውሃ ማሞቂያው ጭሳቸውን በትክክል ወደ ውጭ ማስወጣታቸውን ያስመርምር። በታሸገ ቤት የድሮ ማሽን ጭስ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የምጣዱ እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ሻጋታ ስለሚያበቅል አየር ሳቢውን መክፈት ተገቢ ነው።

ተከራይ ምን መብት አለው?

ብርዱን ችሎ የሚቀመጥ ተከራይ ብዙ ነው። አንዳንዱ አከራዩን ላለማስቀየም፣ አንዳንዱ ሕጉን ባለማወቅ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የሚኔሶታ ሕግ አከራይ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቢያንስ 68 ዲግሪ ሙቀት የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቤቱ የማይሞቅ ከሆነ ቴርሞሜትሩን ከነቀኑ ፎቶግራፍ ማንሣትና ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። መልስ ከሌለ የከተማው ቤት ተቆጣጣሪ አለ፤ በሚኒያፖሊስ በ311 ይገኛል። መብቱን ስለጠየቀ ብቻ ተከራይን ማስወጣት በሕግ የተከለከለ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሁለት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ቤት ከሆነ ደግሞ ለጋዝ ኩባንያው ተጠያቂው ቢል ከፋይ አከራዩ እንጂ ከተከራዮቹ አንዱ መሆን የለበትም።

ቢሉ ካቅም በላይ ሲሆን

«አልከፍልም» ብሎ ዝም ማለትና «መክፈል አልቻልኩም፣ እንነጋገር» ማለት የተለያዩ ናቸው። የሚኔሶታው የብርድ ወራት ደንብ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ማሞቂያ እንዳይቋረጥ ይከላከላል። ነገር ግን ራሱ አይመጣም። ደንበኛው ኩባንያውን ደውሎ የክፍያ ስምምነት ማድረግና ስምምነቱን ማክበር አለበት። ገቢው ከክልሉ መካከለኛ ገቢ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቤተሰብ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ በላይ እንዲከፍል አይገደድም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ እንጂ ቢሉን መሳቢያ ውስጥ አይደብቅ።

ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የፌዴራል የማሞቂያ ድጎማ በየክልሉ ይሰጣል። ብድር ስላልሆነ አይመለስም፤ ተከራይም ሊያመለክት ይችላል። በሚኔሶታ የቤት ባለቤት ለሆነና መስፈርቱን ለሚያሟላ የተበላሸ ፈርነስ እስከመጠገን ይደርሳል። በዚሁ ማመልከቻ አማካይነት ስለ ነፃው የዌዘራይዜሽን ሥራ መጠየቅ ይገባል፤ ድጎማው የአንድ ክረምት ሲሆን የታሸገው ቤት ግን ለብዙ ክረምት ይቆያል። የት ማመልከት እንደሚቻል በ211 ተደውሎ ይጠየቃል። በዴንቨር፣ በቺካጎ ወይም በዋሽንግተን የሚኖሩም ተመሳሳይ ፕሮግራም በየክልላቸው ያገኛሉ፤ የገቢው መስፈርትና ቀኑ ብቻ ይለያያል።

ለገና አገር ቤት ሲኬድ

ብዙ ቤተሰብ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄደው ሚኔሶታ በበረዶ በምትቀበርበት በጃንዋሪ ነው። ለመቆጠብ ብሎ ማሞቂያውን አጥፍቶ መሄድ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ይረጋል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲቀልጥም ቤቱን ያጥለቀልቃል። ቴርሞስታቱ ከ55 ዲግሪ በታች አይውረድ። ቤቱ በውሃ ራዲያተር የማይሞቅ ከሆነ ዋናው የውሃ መዝጊያ ተዘግቶ ቧንቧዎቹ ይፍሰሱ። ቁልፉ ለታመነ ጎረቤት ይሰጥና በየሁለት ሦስት ቀኑ ብቅ ብሎ ይይ። ቢሉም በጉዞው ወቅት እንዳይረሳ በቅድሚያ ይመቻች።

የሚሠራው ብዙ ቢመስልም ሁሉም በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ማለቅም የለበትም። ዘንድሮ ሰንደሉ፣ ጥብጣቡና ፕላስቲኩ ይበቃል። ለከርሞ የቤዝመንቱ ዙሪያ፣ ቀጥሎ አቲኩ። መስኮቱ መጨረሻ ነው። ትርፉም የሚለካው በጎረቤት ቤት ውበት አይደለም። የከፈሉበት ሙቀት ቤት ውስጥ ሲያድር ጣሪያው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በመንደሩ በረዶው ቶሎ የማይቀልጥበት ጣሪያ ያለው ቤት ባለቤት ገንዘቡ በጣሪያ በኩል አልበነነም ማለት ነው።